የሱሉልታው ጾመኛ

ኅዳር 16

ጾም ገባ፤ ወተት ተረፈ። በየዓመቱ ያው ነው። አዲስ አበባ ሲጾም የሱሉልታ ላም አትጾምም። ዛሬም ገበሬው ጀሪካኑን ይዞ ከወተት መሰብሰቢያችን በር ላይ ተሰልፏል። እኔ መለኪያዬን እየነከርኩ ውሃ የገባበትን ካልገባበት እለያለሁ። ሥራዬ ይሄው ነው... ሰውን በወተቱ መጠርጠር።

አንድ ሽማግሌ፣ "ውብአየሁ፣ በጾም እንኳ አታምነንም?" አሉኝ።

"እርስዎን አምናለሁ፤ ወተቱን ነው የማላምነው።"

ሳቁ። ውሃ ነበረበት።

ወርቅቱ ወሯ ገብቷል። እግሯ አብጧል፣ ጠባይዋም እንደዚያው። "ልጅህ ቢወለድ እንኳ መለኪያህን ሳትነክርበት አትቀበለውም" ትለኛለች። ባለቤቴ ታውቀኛለች።

ኅዳር 21

ጊንጪ ላይ ተማሪዎች ለተቃውሞ ወጡ ከተባለ ወዲህ ወሬው ሁሉ ማስተር ፕላን ነው። አዲስ አበባ እዚህ ድረስ ልትመጣ ነው ይባላል። መሬቱን ትወስዳለች፣ ገበሬውን ትገፋለች...

ማታ አማቾቼ ቤት ነበርን። የወርቅቱ አባት ኦቦ መገርሳ፣ "እስቲ አንተ የተማርክ ነህ፤ የት ድረስ ነው የሚመጣው?" ብለው ጠየቁኝ። የተማርኩት ወተት ነው። ስለ መሬት ምን አውቄ? እሳቸው ወደ ግጦሽ መሬታቸው አገጫቸውን ቀስረው፣ "ላሞቼ ኮንዶሚኒየም አይግጡም" አሉ። ልስቅ ብዬ ፊታቸውን ሳይ ተውኩት።

የወርቅቱ ወንድም ኢፋ ራት ላይ አልነበረም። የት ነው ብሎ የጠየቀም የለም። ሁሉም ያውቃል።

ኅዳር 28

ወንድ!!

ጤና ጣቢያ፣ ንጋት ላይ። ወርቅቱ ደህና ናት። አማቴ አዴ ሊቤ እልልታቸውን ሳይጨርሱ በጣታቸው ጫፍ ቅቤ ይዘው የልጁ ምላስ ላይ። አዋላጇ ሲስተር ሃዋ፣ "አዴ ሊቤ! ከናት ጡት በቀር ምንም እንዳይቀምስ ብዬ አልነበረም?" ብላ ጮኸች። አማቴ፣ "ውጦታል፤ ከሆዱ አውጪው እንግዲህ" አሏት።

ሰላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ደስታ የት ተደብቆ ነበር?

ኅዳር 30

ሲስተር ሃዋ ቤታችን መጣች። የልጁን ተረከዝ ወጋች። ወፍራም ወረቀት ላይ ክብ ክብ ተስሏል፤ እያንዳንዱ ክብ ላይ ደም አስነካች። ልጁ ሲጮህ ወርቅቱም አብራ ጮኸች።

ከአዲስ አበባ የመጣ ጥናት ነው። "ሲወለዱ ደህና መስለው ከዘር የሚወረስ ችግር ያለባቸው ሕፃናት አሉ፤ ቶሎ ከታወቀ ይታከማል፤ ከዘገየ ግን..." አለች ሃዋ።

ጎረቤታችን ተረፈች ከደጅ ሆና ስታይ ቆይታ፣ "ደሙን የት ነው የሚወስዱት?" አለች።

"አዲስ አበባ።"

"ይኸው! ማስተር ፕላኑ ሕፃን ተረከዝ ላይ ደረሰ!"

እስከ ማታ ወሬው ሰፈሩን ዞረ። ልጆቹን እየመዘገቡ ነው፣ ደም የሰጠ መሬቱን ይወስዱበታል... ኦቦ መገርሳ ሳይቀሩ መጥተው፣ "ፈርመሃል?" አሉኝ። ፈርሜያለሁ። የሰውን ወተት ስለካ የምውል ሰው ልጄ ሲለካ እምቢ ልበል? መለካት የሚጠላ ሰው ውሃ ያለበት ነው።

የኔ ልጅ ምንም የለበትም እንግዲህ። ይለኩት።

ታኅሣሥ 3

ልጁ ያስመልሳል። ዓይኑ ቢጫ ነው፣ ቆዳውም። ጡት ይዞ ወዲያው ያንቀላፋል።

ሐኪም ሞልቷል። ተረፈች፦ ብርድ ነው። አማቴ፦ ዓይን በልቶት ነው። አንዲት ሴትዮ፦ ፀሐይ ይሙቅ። እኔ፦ ሕፃን ሁሉ ቢጫ ይሆናል፣ የሆነ ቦታ አንብቤያለሁ። ፀሐይ አሞቅነው። ጡት ደጋግማ እንድትሰጠው ተስማማን። በዚህ ሁሉም ተስማማ። ለደከመ ልጅ ጡት እንጂ ሌላ ምን ይሰጣል?

ታኅሣሥ 5

የዛሬውን ልጻፈው።

ጠዋት ሲስተር ሃዋ ነጠላዋ መሬት እየጎተተ ሮጣ ገባች። ወርቅቱ ልታጠባ ጡቷን አውጥታለች። "አቁሚ! አትስጪው!" አለቻት። ልጁን ከእቅፏ ቀማቻት ማለት ይሻላል።

ከላቦራቶሪ ደውለውላት ነው። ልጁ ወተት አይስማማውም። አይስማማውም ማለት... ወተት ውስጥ ያለውን ስኳር ሰውነቱ መፍጨት አይችልም፤ ሳይፈጭ ሲቀር መርዝ ይሆንበታል። ጉበቱን፣ ዓይኑን፣ አንጎሉን።

"የላም ወተት አልሰጠነውም እኮ" አልኩ።

"የናቱም ያው ነው።"

ሱሉልታ መሃል ቆማ ወተት መርዝ ነው አለች። አማቴ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ የሃዋን ፊት አዩና ቁጭ አሉ።

አምቡላንስ መጣ። ወደ አዲስ አበባ መውጫው ላይ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል። ከዘጉት ወጣቶች መሃል አንዱ መስኮቱን ሊያይ ጠጋ አለ... ኢፋ። እህቱን አየ። ልጁን አየ። ወዲያው በኦሮምኛ ጮኸ፣ ድንጋዩ ተነሳ።

"ሌላ ሰው ቢሆን ትከፍቱ ነበር?" አልኩት በመስኮቱ።

"ሂድ ባክህ" አለኝ። ድንጋዩን መልሰው ሲደረድሩ በአምቡላንሱ የኋላ መስታወት አየሁ።

ታኅሣሥ 8

ሆስፒታል። ልጁ እጁ ላይ መርፌ ተተክሎለት ይተኛል። ምግቡ ከሶያ የተሠራ የሕፃን ዱቄት ነው፤ በውሃ ተበጥብጦ በጡጦ። ቢጫው ትንሽ ቀለል ብሏል።

ወጣቷ ዶክተር ለብቻችን ጠርታን፣ "ትዛመዳላችሁ?" አለች።

እኔ ከመርሐቤቴ፣ ወርቅቱ ከሱሉልታ። ሽምግልና ስልክ እኮ የሁለታችንም ዘመዶች ትውልድ ቆጥረው ምንም የሚያገናኘን እንደሌለ በደስታ የተስማሙበት ጋብቻ ነው። በሌላ ነገር ተስማምተው አያውቁም። ዶክተሯ ግን ችግሩን ሁለታችንም ሳናውቅ ተሸክመነው ነበር አለች። ከኔ አንድ፣ ከሷ አንድ፤ ልጁ ጋ ተገናኙ።

አገሩ ሁሉ "አንተ ከየት ነህ?" እየተባባለ መንገድ ሲዘጋጋ፣ ያንድ ልጅ ተረከዝ ከመርሐቤቴና ከሱሉልታ አንድ ዓይነት ነገር አወጣ። ለማን ይነገራል ይሄ? ለኢፋ? ለመርሐቤቴ አጎቶቼ?

የወርቅቱ ጡት ሞልቶ ያማታል። ሽንት ቤት ገብታ ታልበዋለች፣ ትደፋዋለች። ዛሬ አብሬያት ገባሁ። "የኔ ነው እኮ ውቤ... የኔ ነው እንዲህ ያደረገው" አለችኝ። ይዣት አለቀስኩ።

ታኅሣሥ 12

ቤት ገባን። ልጁ ዓይኑ ጠርቷል። አለቀሰ፣ ጡጦውን ጨረሰ፣ እንደገና አለቀሰ። ጣፋጭ ረብሻ።

ችግሩ አማቴ ናቸው። ጡት የተከለከለ ሕፃን ሊገባቸው አልቻለም። ዶክተሯ የነገረችኝን ነገርኳቸው።

"ኤንዛይም የሚባል ነገር የለውም፣ አዴ ሊቤ።"

"የት ይሸጣል? እንግዛለት።"

"አይሸጥም። ከዘር ነው።"

"በኛ ዘር ወተት የጠላ የለም! በናንተ እንደሆነ አላውቅም።"

በሌላ መንገድ ሞከርኩ። ሃዋም ሞከረች። እኛ ዞር ስንል ግን ለወርቅቱ በጆሮዋ፣ "ትንሽ ብታቀምሺው ምን ይሆናል? አንዲት ጠብታ" እንደሚሏት ሰማሁ። ሌሊቱን ሙሉ ይህቺን ጠብታ ሳስብ አደርኩ።

ታኅሣሥ 13

አገኘሁት! አገኘሁት!

ጠዋት አማቴን እንዲህ አልኳቸው፦ "ልጁ ጾመኛ ነው።"

"ሕፃን ይጾማል እንዴ?"

"እሱ ይጾማል። ወተት፣ ቅቤ፣ አይብ በአፉ አይዞርም። ልክ እንደ እርስዎ። ያቺ ዱቄት ከሶያ ናት፤ የጾም ናት።"

ልጁን አዩት። በቀስታ፣ "ረቡዕና ዓርብ ጡት አልጠባም ያሉ ቅዱሳን ነበሩ፤ ቄሱ ሲሉ ሰምቻለሁ" አሉ። እኔ ያንን አላልኩም። ራሳቸው ናቸው የጨመሩት። ግን አላረምኳቸውም።

ተነሱና ዕቃ ማጠብ ጀመሩ። የልጁ ጡጦ ለብቻ፣ ማንኪያው ለብቻ፣ ውሃ የሚፈላበት ድስት ለብቻ። የፍስክ ዕቃ ከጾም ዕቃ ጋር እንዴት እንደማይነካካ እሳቸውን የሚያስተምር የለም። ሆስፒታል ያስረዱን የነበረው ይሄንኑ ነበር፤ እዚያ ግማሹ አልገባኝም፣ እዚህ አማቴ ሳይነገራቸው ሠሩት።

ለሃዋ ነገርኳት። እጇን አጨበጨበች። "ጎበዝ! እኔም ከእንግዲህ ሳሠለጥን እንዲህ ብዬ ነው የማስረዳው" አለች። ራሴን አደነቅሁ። ይሄ ሁሉ ዶክተር ያልቻለውን አንድ ወተት ለኪ...

ታኅሣሥ 17

አማቴ ለጎረቤት ነግረዋል። ጎረቤት ለማኅበር። ዛሬ አንዲት የማላውቃት ሴት ጧፍ ይዛ መጣች። ተረፈች፣ ያቺ የማስተር ፕላኗ ተረፈች፣ የልጁን እግር ሳመች። የሳመችው እኮ ደም የተወሰደበትን ተረከዝ ነው! "ጡት ንቆ የተወለደ" ይሉታል። ልጄ ገና ክርስትና ሳይነሳ ቅድስና ጀመረ።

ወርቅቱ፣ "ይሄ ነገር አልበዛም?" አለችኝ።

"ወተት እስካልሰጡት ድረስ ጳጳስም ያድርጉት" አልኳት።

መሰብሰቢያው ተዘግቷል። መኪና ወደ አዲስ አበባ አይወጣም፤ የመጣው ወተት ሁሉ ረጋ፣ ከዚያ ሸተተ። ወደ ቦዩ ደፋነው። ገበሬዎቹ ቆመው ያያሉ። የከተማው ቦይ ነጭ ሆኖ ወረደ። እኔ ቤት ደግሞ ያቺ የሶያ ዱቄት እያለቀች ነው። ሱሉልታ ውስጥ ለሕፃን የሚሆን ወተት ጠፋ!

ከታች በኩል ተኩስ ተሰማ። አንድ የጎረቤት ልጅ ተይዟል አሉ። እናቱ ስትጮህ እዚህ ድረስ ይሰማል። ስለዚህ ነገር ቀልድ የለኝም።

ታኅሣሥ 20

ዱቄት ፍለጋ አዲስ አበባ ሄድኩ። በእግር፣ በጋሪ፣ እንደገና በእግር።

መውጫው ላይ እነ ኢፋ። ወደ አዲስ አበባ የሚገባ የሚወጣ የለም ተብሏል። ኢፋ ጓደኞቹን ሰብስቦ መከረ፤ ፓርላማ ይመስላሉ። መጨረሻ ላይ መጥቶ፣ "ብራዘር፣ ወተት ወደ አዲስ አበባ አይገባም ነው የተባለው። ከአዲስ አበባ ስለሚመጣ ወተት የተወሰነ ነገር የለም" አለኝ። አለፍኩ። ኢፋ ቤት ካደረ ሰነባብቷል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። "ጾመኛው እንዴት ነው?" አለኝ።

ስመለስ ፌዴራሎች ጋሪውን አስቆሙት። ከተጫነው ጭድ ሥር የዱቄቱን ቆርቆሮዎች አገኙ።

"ይሄ ዱቄት ምንድን ነው?"

"የሕፃን ወተት።"

"ወተት? ከአዲስ አበባ ወደ ሱሉልታ?"

የጠየቀኝ አለቃውን ጠራው። አለቃውም ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን አቆመ። እኔ ብሆንም አላምንም ነበር። አንዱን ከፈቱ፣ አሸተቱ፣ በእንጨት አማሰሉት፤ ግማሹ መሬት ላይ ቀረ። የቀረውን ይዤ ገባሁ።

ታኅሣሥ 24

ወርቅቱ፣ "ደረቀ" አለችኝ። ጡቷን ነው። ልጁን አቅፋ ጡጦውን ስትሰጠው ግን እንደ ድሮው ፈገግ አለች። ልጁ ጉንጭ አውጥቷል። ዛሬ ረጅም ጊዜ አየኝ። ምን ሊለኝ ነው?

ታኅሣሥ 28፣ ገና

ተፈሰከ! ዶሮ ወጥ በላሁ፣ ደገምኩ። ትኩስ ወተት ጠጣሁ... ደጅ ቆሜ፣ ከዚያ አፌን ታጥቤ ገባሁ።

ሰፈሩ ዛሬ ጸጥ ብሏል። አማቴ ሌሊቱን ከቤተ ክርስቲያን አድረው ሲነጋ መጡ። ነጭ ለብሰው፣ ፊታቸው በርቶ። ወርቅቱን፣ "አንቺ ተኚ፤ ዛሬ ልጁን ለኔ ተዪው" ብለው እነሱ ቤት ወሰዱት። እሷም ከወለደች ወዲህ ጠግባ የተኛችው ዛሬ ነው። ከሰዓት ሄጄ ሳየው እቅፋቸው ውስጥ ተኝቷል።

"በላ?"

"እንደ ዛሬ በልቶም አያውቅ" አሉኝ።

እግዜር ይስጣቸው። ስንት ተጨቃጭቀን አሁን ልጁን ያለ ስጋት ትተንላቸው እንተኛለን። አሳድረው ነገ ያመጡታል።

ታኅሣሥ 29

ማታ መለሱት። ሁለት ጊዜ አስመለሰ። የበዓል ጫጫታ ይሆናል።

ታኅሣሥ 30

አስመለሰ። ጡጦውን እምቢ አለ። ዓይኑ... ያ ቢጫ ነው? ወደ መስኮቱ ወሰድኩት። ነው።

ምን ነካው? ዱቄቱ ተበላሽቶ ይሆናል። ፌዴራሎቹ ያማሰሉበት እንጨት ይሆናል። ቆርቆሮውን ገልብጬ ቀኑን አነበብኩ። ውሃውን ቀመስኩ። ጡጦውን አፈላሁ። ማሸተት የሚችለውን ሁሉ አሸተትኩ። ልለካው የምችለውን ሁሉ ለካሁ።

አማቴ ገቡ። "ምን ሆነብኝ?" ብለው አቀፉት።

"አዴ ሊቤ፣ እርስዎ ጋ እያለ ምን ያህል ነበር የሚበላው?"

"ወተቱን ነው? ሲፈልገው ሲፈልገው።"

"የትኛውን ወተት?"

"የላማችንን የቦራን ነዋ። ትኩሱን፣ አሙቄ።"

ልጁን ከእቅፋቸው ወሰድኩት። እሳቸው ግራ ገብቷቸው ያዩኛል። "ተፈሰከ እኮ!" አሉ። "ከሁላችን በላይ የጾመ እሱ! ሁላችሁ ስትፈስኩ እሱ ለብቻው ይጹም?"

ማነው ጾም ነው ያላቸው? ማነው እልል ብሎ ራሱን ያደነቀው?

እየሄድን ነው። ኢፋ መኪና አገኘ።

ጥር 1

ሌሊቱ... አልቅስ አንተ ልጅ። አንድ ጊዜ አልቅስ።

ጥር 2

ዶክተሯ፣ "በጊዜ ነው የደረሳችሁት" አለች። ይሄን ቃል ከዚህ በፊትም ሰምቼው ነበር፤ እንዲህ አልጣፈጠኝም። ጉበቱ ይመለሳል ብላለች። ለወደፊቱ ግን እንዴት እንደሚያድግ፣ እንዴት እንደሚናገር፣ እየተከታተልን እናያለን አለች።

አማቴ ኮሪደሩ ላይ መሬት ተቀምጠዋል። ወንበር እምቢ። ምግብ እምቢ። ዶክተሯ ስታልፍ ቀሚሷን ያዙ።

"ልጄ፣ እስከ መቼ ነው?"

"ለዘላለም ነው፣ እማማ።"

"ፋሲካ የለውም?"

ዶክተሯ አልገባትም። ወደኔ አየች። "የለውም" አልኩ እኔ።

አማቴ ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "አንተ ጾም ነው አልከኝ። ፋሲካ የሌለው ጾም የት ታውቃለህ?"

ያቺን ጥያቄ ቀድሞ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ እሳቸውማ እንደማንኛውም ጾመኛ ጾሙ ሲያልቅ አስፈሰኩት። ባጠፉት ነገር ልወቅሳቸው ብፈልግ ፍቅራቸውን ነው የማገኘው።

ለሲስተር ሃዋ ደወልኩላት። ሁሉን ስነግራት፣ "እኛ ጋ ጾም ማታ ማታ ያልቃል። የናንተ ሲረዝምብኝ ጊዜ እኔ እንደሆነ ዘላለም መስሎኝ ነበር" አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። የሚያስቅ አልነበረም።

ጥር 4

ቢጫው ለቀቀ። ጡጦውን ጨረሰ!

ሬዲዮው ማስተር ፕላኑ ተሰረዘ አለ። ከውጭ ጭብጨባ ይሰማል። ወርቅቱ ተኝታለች፣ አማቴ ልጁ አጠገብ ናቸው። ማንንም አልቀሰቀስኩም። አማቴ ልጁን ሲያዩ ዓለም ቢሰረዝም አይሰሙም።

ጥር 7

ክርስትና ተነሳ። አያቱ ኦቦ መገርሳ ዲሪርሳ አሉት። ቄሱ ሲያጠምቁት እንዴት እንደጮኸ! እንባዬ መጣ።

ድግሱን አማቴ ብቻዬን ነው የማሰናዳው ብለው ማንንም ጓዳ አላስገቡም። ሰው መጣ፣ ዳሱ ሞላ፣ ምግቡ ቀረበ... ሽሮ። ምስር። ጎመን። ሱፍ ፍትፍት። እንግዳው እርስ በርሱ ተያየ። በዛሬ ቀን፣ በፍስክ፣ በግ ይታረዳል ብሎ ከሩቅ የመጣ ሰው! ቅቤ የለ፣ አይብ የለ፣ ሥጋ የለ። ኦቦ መገርሳ በእጃቸው አፋቸውን ሸፍነው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "ቤት ውስጥ ወተት ከከለከለችኝ ሰነበተች። ከላሞቹ ጋር በረት ቆሜ ነው የምጠጣው" አሉኝ።

አንድ የሰፈር ሽማግሌ ቆረስ አድርገው፣ "አዴ ሊቤ፣ ይሄ ደግሞ የምን ጾም ነው?" አሉ።

አማቴ ጭልፋቸውን ይዘው ቀጥ ብለው ቆሙ። "የልጄ ልጅ ጾም ነው። እሱ የማይበላው ነገር ከዚህ ቤት አይገባም። እኔም እስክሞት አልቀምሰውም። ያልተመቸው ጎረቤት ሄዶ ይፈስክ።"

የተነሳ የለም። ተረፈች ሽሮውን አስጨመረች።

በዚህ መሃል ኢፋ ገባ። ከስንት ጊዜ በኋላ በቀን፣ በፊት ለፊት በር። ከስቷል፣ ግን ፊቱ ሁሉ ጥርስ ነው። እናቱን አቅፎ አነሳቸው። "ሰማሽ እማዬ? ቀረ እኮ! ማስተር ፕላኑ ተሰረዘ! መሬታችንን የሚነካ የለም!"

ዳሱ በጭብጨባና በእልልታ ተናወጠ። ኦቦ መገርሳ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

አማቴ ቀሚሳቸውን አስተካከሉ። ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ለዘላለም ነው" አሉት፣ "ወይስ እስከ ፋሲካ?"

ሰው ሳቀ። ኢፋም ሊስቅ ጀምሮ አቆመ፣ አባቱን አየ። ኦቦ መገርሳ እኔን አዩኝ። እኔ የተማርኩት ወተት ነው። አማቴ ሽሮውን መጨለፍ ቀጠሉ።